ደግፌ በጭቃ ውሃ ውስጥ

ደግፌ ቤቴል ውስጥ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ነው። ሥራው ውሃ ውስጥ የቀረ ሰው ማውጣት ነው። ሰፈርተኛው እንዲህ ያለ ሙያ መኖሩ ትዝ የሚለው ክረምት ሲገባ ብቻ ነው፤ በበጋ «ዛሬም ሥራ የለህም?» እያለ ያበሽቀዋል። እሱ «አይኑር» ይላል፣ ሌላ አይጨምርም። ሲበዛ ዝምተኛ ነው። ሚስቱ ትርንጎ እንደምትለው ወጡ ጨው እንዳነሰው ለመናገር እንኳን ሳምንት ይፈጅበታል።

ጠልቆ ሲሠራ ዓይኑን ይጨፍናል። ገርሞኝ ጠይቄው ነበር። በከተማችን ጉድጓድ የሚሞላው ውሃ ጭቃ ነው፤ መብራት ሲበራበት ጭቃው ራሱ ያበራና ጭራሽ ያሳውራል። ላይና ታቹ እንኳን አይለይም። ስለዚህ በእጁ እየዳበሰ ይፈልጋል። ወገቡ ላይ ገመድ ይታሰራል፣ ጫፉን ዳር ላይ ባልደረባው ይገዙ ይይዛል። ሁለት ጊዜ ሳብ ካደረገ ገመድ ልቀቅልኝ ማለቱ ነው። ገመዱን የሟች ዘመድ እንዳይነካው ደግፌ ሁሌም ያስጠነቅቃል።

ዓምና ነሐሴ ከቀራንዮ ጀርባ ባለ የተተወ የድንጋይ ማውጫ ውስጥ ግሩም የሚባል ወጣት ሲዋኝ ሰጠመ። ጉድጓዱን ዝናብ ሞልቶታል፣ ከሥሩ ደግሞ ድንጋይ ፈላጮች የቦረቦሩት ዋሻ አለ። ደግፌ ጠለቀ፣ ዋሻውም ውስጥ ገባ።

ዳር ላይ የግሩም አባት ጋሽ ተክለማርያም ወደ ይገዙ ቀረብ አሉ። «ልጄ ነው። እኔ ልያዝለት» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ይገዙ ደንቡን ያውቃል። ግን ነጠላ ያዘቀዘቁ ሽማግሌ ፊት «አይሆንም» የሚል አንደበት ከየት ይምጣ? ሰጣቸው። ይሉኝታ ስንቱን አሳጥቶናል፤ ያን ቀን ሰው ሊገድል ነበር።

ታች ደግፌ እጅጌ ጨበጠ። እጅጌው ውስጥ ክንድ ነበር። ትንሽ ገመድ ቢለቁለት ይዞት ይወጣል፤ ሁለት ጊዜ ሳብ አደረገ። ጋሽ ተክለማርያም ልጃቸው የተገኘ መሰላቸውና ባላቸው ጉልበት ጎተቱ። ክንዱ ከደግፌ እጅ አመለጠ፣ እሱንም የዋሻው ጣሪያ ላይ ያለ ስንጥቅ ውስጥ ወተፉት። ጀርባው ላይ ያለው የአየር ሲሊንደር ተቀረቀረ። እንደገና ሳበ፤ እሳቸው የባሰ ጎተቱ። ቢላዋ ይዟል፣ ግን ገመዱን ቢቆርጥ የዋሻውን አፍ የሚያሳየው ነገር የለም። አየሩ እያለቀ ነው። «ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ» ብሎኛል። በመጨረሻ መንቀሳቀሱን ተወ።

ገመዱ ዝም ሲል ጋሽ ተክለማርያም «እሱም ቀረ» ብለው እጃቸው ዛለ። ይገዙ ተቀበላቸውና ገመዱን አላላ። ደግፌ ከስንጥቁ ወደ ታች ተንሸራተተ፣ ገመዱን እየዳበሰ ወጣ።

«አገኘኸው ልጄ?» አሉት።

አፉ ውስጥ የገባውን ጭቃ ተፋ። «ገና ነው አባባ» አለ። ሲሊንደር ቀየረና ተመልሶ ገባ፣ ይገዙም በዚህኛው ዙር ገመዱን ለማንም አልሰጠም። ግሩም ሲወጣ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር።

ለቅሶ ልንደርስ ከደግፌ ጋር ሄድን። ድንኳኑ ውስጥ ጋሽ ተክለማርያም ለመጣው ሁሉ ያንኑ ያወራሉ። «ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ልጄ ሬሳው ውሃ ውስጥ እንዳይቀር የእኔም እጅ አለበት» ይላሉ። እኔ ጉዳዩን ስለማውቅ ደሜ ፈላ። ቀና ብለው ደግፌን አዩት።

«አይደለም እንዴ ልጄ?»

ደግፌ አጠገባቸው ተቀመጠ። «ነው አባባ» አለ። «እርስዎ ባይይዙልኝ አላገኘውም ነበር።»