ወጨጫ የከለለው ኮከብ

የልጅ ልጄ ስድስተኛ ክፍል ሳለች የሳይንስ መምህሯ አንድ የቤት ሥራ ሰጣት። «ማታ ከደጃችሁ ቆማችሁ የምታዩዋቸውን ኮከቦች ሣሉ፤ ያያችሁትንም ጻፉ» ይላል። ይህን የቤት ሥራ ከሁሉ አብልጬ ወደድኩት። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ስለሆነ በሒሳቡም በእንግሊዝኛውም አልረዳትም። ሰማይን ግን ከማንም እኩል አውቀዋለሁ ብዬ አምን ነበር።

ቤታችን ሰበታ ነው፣ ከወጨጫ ተራራ ግርጌ። እናቷ ሳይነጋ ወጥታ አዲስ አበባ ሥራ ትሄዳለች፤ ከታክሲ ሰልፍ ተርፋ ስትገባ ራት ቀርቦ ነው። ስለዚህ ከትምህርት ቤት መልስ ልጅቷ የእኔ ናት። ወሩ ታኅሣሥ ነበር፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ብርዱ ጆሮ የሚቆርጥ። አንድ ሰዓት ሲል ሁለታችንም ጋቢ ደርበን፣ ሁለት በርጩማ ይዘን ግቢ ወጣን። እሷ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። እኔ የስልኬን መብራት በነጠላዬ ጫፍ ሸፍኜ ያዝኩላት፤ ብርሃኑ ዓይናችንን ከወጋው ሰማዩ ይጠፋብናል።

በፉሪ ኮረብታ በኩል ከአዲሶቹ ቤቶች መብራት ከፍ ብለው ሦስቱ ኮከቦች ወጥተዋል። እናቴ እነዚህን በእኛ በሦስቱ ሴት ልጆቿ ስም ነበር የምትጠራቸው። መጀመሪያ ብቅ የሚለው ታላቃችን፣ መካከለኛው አሁን ሱሉልታ ያለችው እህቴ፣ መጨረሻ የሚመጣው እኔ። «አንቺማ ሰማይ ላይም አርፍደሽ ነው የምትነሺው» ትለኝ ነበር። ታላቃችን ካረፈች ወዲህ ቀና ስል መጀመሪያ የምፈልገው እሷን ነው።

ይህን ስነግራት የልጅ ልጄ መጽሐፏን ገለጠች። መጽሐፉ ሦስቱን ኮከቦች የአዳኝ ቀበቶ ይላቸዋል። አዳኙ ሥዕሉ ላይ እግሩን ከፍቶ፣ ዱላውን አንሥቶ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ታሪኩን አነበበችልኝ። ይህ አዳኝ «የሚያሸንፈኝ አውሬ የለም» ብሎ ጎረረ፤ ጊንጥ ተላከበትና ነደፈው። ኋላ ሁለቱም ሰማይ ላይ ተሰቀሉ፤ ግን እንዳይገናኙ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይጠልቃል።

«ታዲያ ጊንጡ ምን አጠፋ?» አልኳት። «እሱ የተላከ ነው። ጥፋተኛው ጉረኛው ነው።»

«እምዬ፣ ተረት እኮ ነው።»

«ተረትም ቢሆን ፍርዱ ልክ ይሁን።»

ሳቀች። ከዚያ መጽሐፉን አየች፣ ሰማዩን አየች፣ ደግማ መጽሐፉን አየች። «እምዬ፣ የእኛው ተኝቷል» አለች።

እውነቷን ነው። መጽሐፉ ላይ ሦስቱ ኮከቦች ወገብ ላይ እንደታጠቁት ቀበቶ አግድም ናቸው። የእኛዎቹ ግን እንደ መሰላል አንዱ ከአንዱ በላይ ተደራርበዋል። ትከሻው በግራችን፣ እግሩ በቀኛችን ነው፤ ሰውየው በጎኑ ጋደም ብሏል።

«በዚህ ሰዓት የሚተኛ ምን ዓይነት አዳኝ ነው?» አልኩ።

«እንዴት አድርጌ ልሣለው?»

«እንዳየሽው።»

የተኛ አዳኝ ሣለች። ቀጥሎ የሰሜን ኮከብ መጣ። ፈልጋችሁ አግኙት ይላል ጥያቄው። ሰሜናችን ወጨጫ ነው። ተራራው ጥቁር ብሎ ተዘርግቷል፤ ከጫፉ በላይ ያሉትን ኮከቦች አንድ በአንድ አየናቸው፣ መጽሐፉ ያለውን የሚመስል አጣን። ልጅቷ በእርሳስ «የሰሜን ኮከብ ከቤታችን አይታይም» ብላ ጻፈች። እኔ ከትከሻዋ በላይ ሆኜ አነባለሁ።

«ምን አይታይም ትያለሽ? የለም በይ እንጂ። ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ ኖሬ አይቼው አላውቅም።»

«ከተራራው ጀርባ ቢሆንስ?»

«ኮከብ ዶሮ ነው እንዴ ከተራራ ጀርባ የሚደበቅ?»

ትንሽ አመነታች። ከዚያ በላጲስ አጠፋችውና «በእኛ አገር የሰሜን ኮከብ የለም» ብላ ጻፈች። ደስ ብሎኝ ወደ ራታችን ገባን።

ደብተሩ ሲመለስ ሁለት ቀይ ኤክስ ነበረበት፤ ከአሥር ስድስት። ከተኛው አዳኝ ሥር «አዳኙ የቆመ ነው፤ መጽሐፉን ተመልከቺ» ተብሎ ተጽፏል። ከሁለተኛው ሥር ደግሞ «የሰሜን ኮከብ ዓመቱን ሙሉ ይታያል።» ልጅቷ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ፣ ማስመሪያ አውጥታ፣ የመጽሐፉን አዳኝ በአዲስ ገጽ ላይ ትገለብጥ ጀመር።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«አስተካክላችሁ አስረክቡ ተብለናል። ሁለተኛ ውጭ አልወጣም እምዬ። ይበርዳል። መጽሐፉ ላይ ሁሉም አለ።»

በጣም ነው የከፋኝ። ስለ አራቱ ማርክ አልነበረም። ይህች ልጅ ገና በአሥራ ሁለት ዓመቷ ዓይኗን ለሌላ ሰው ልታስረክብ ነው። ዛሬ ያየችውን ትታ ሥዕል ከገለበጠች፣ ነገ ሰው ሲበደል ፊቷ ቆሞ እያየች «አላየሁም» ልትል ነው። በማግሥቱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ነበርኩ።

መምህሩ ልጅ እግር ነው፤ እጁ ላይ ጠመኔ እንዳለ ወጣ። «እማማ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ» አለኝ።

«አልቀመጥም። አንተ ይህን አዳኝ አይተኸዋል?»

«መጽሐፉ ላይ—»

«መጽሐፉን አልጠየቅኩም። በዓይንህ?»

ቀስ ብሎ፣ «እኔ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው እማማ። እዚያ በመብራቱ ምክንያት ብዙም አይታይም። አሁን እዚሁ አጠገብ፣ ዓለም ገና ከተማ ተከራይቼ ነው ያለሁት፤ ማታ ማታ ደብተር ሳርም ነው የማመሸው» አለ።

«እንግዲያው ዛሬ ማታ እኛ ቤት ታርማለህ።»

ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። መጣ፤ አንድ ሰዓት ላይ ባጃጅ በራችን ላይ ቆመ። ልጅቷ አፍራ ከቤት አልወጣም አለች፤ በመስኮት መጋረጃ ታያለች። እጁን ይዤ ወደ ፉሪ በኩል አዞርኩት። መምህሩ ቀና ብሎ ቆየ። ከዚያ ራሱን ወደ ግራ አዘነበለ፣ ጆሮው ትከሻውን እስኪነካ ድረስ፤ ድንገትም እንደ ልጅ ሳቀ።

«ተኝቷል! እውነትም ተኝቷል!»

ሳቁን ስትሰማ ልጅቷ ወጣች። «ያየሽው ልክ ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት። መምህር ተማሪውን ይቅርታ ሲጠይቅ ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ወደድኩት። ወድጄውም አልማርኩትም። ትከሻውን ይዤ ወደ ወጨጫ አዞርኩት።

«አሁን ደግሞ የሰሜኑን ኮከብ አሳየኝ።»

«እሱ እንኳ እማማ፣ በሳይንሱ ስንሄድ—»

«ታየዋለህ ወይስ አታየውም?»

«አላየውም።»

«ጨረስን!»

ሻይ ሳይጠጣ አልለቀቅኩትም። ሁለቱን ኤክስ ሰርዞ ከአሥር አሥር ጻፈላት። ልጅቷ የገለበጠችውን ገጽ ቀድዳ ጣለች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም ማታ ማታ ቀድማኝ በርጩማ ይዛ የምትወጣው እሷ ሆነች። እኔም ለጎረቤት ሁሉ ድሌን ተናገርኩ።

ጥር ላይ የእህቴ ልጅ ወለደችና ልንጠይቅ ሱሉልታ ሄድን፤ በአዲሱ ገበያ በኩል፣ እንጦጦን ወጥተን፣ ወርደን። ስንደርስ ፀሐይ ልትገባ ነበር፤ ልምምድ የጨረሱ ሯጮች ጃኬታቸውን ወገባቸው ላይ አስረው በመንገዱ ዳር ይመለሳሉ። የእህቴ ባል በር ላይ ቆሞ ተቀበለን። ሁላችንም በኦሮምኛው «ኦቦ» ነው የምንለው፤ እሱ እኔን ዳኛዋ ይለኛል።

«አከም ጅርቱ! የሰበታዋ ዳኛ መጣች!»

የልጅ ልጄ አራሷን ሳም ሳም አድርጋ እንደጨረሰች፣ የመምህሩን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በኩራት አወራችለት። አዳኙ ጋ ስትደርስ አደነቀ። የሰሜኑ ኮከብ ጋ ስትደርስ እስኪያስለው ሳቀ።

«የለም? የለም አልሽው ለመምህሩ? ኮቱ! ኢላሊ!» ነይ፣ እይ ማለቱ ነው። ውጭው ጨልሞ ነበር፤ ሁለታችንንም ወደ አጥሩ ወሰደን።

የሱሉልታ ሜዳ ወደ ሰሜን ተገልጦ ይተኛል፤ ዓይን የሚገታ ተራራ በቅርብ የለም። ኦቦ በጣቱ ዝቅ አድርጎ አሳየኝ። ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ፣ ብቻውን፣ ደብዘዝ ያለ አንድ ኮከብ አለ።

«ይሄ? ይሄማ ማንም ኮከብ ነው። ሰሜን መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

«ይሄ ኡርጂ፣ ይሄ ኮከብ፣ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ሌላው ሁሉ ይዞራል። ስንት ሌሊት እህል ስጠብቅ አይቼዋለሁ።»

እኔ በሰው አፍ አላምንም። በርጩማ አስመጣሁና የቤቱን ግድግዳ ተደግፌ ተቀመጥኩ፤ ኮከቡ የአጥሩ በር ቋሚ እንጨት ጫፍ ላይ ልክ እስኪቀመጥልኝ ድረስ ወዲያና ወዲህ አልኩ። የበርጩማው እግሮች ካረፉበት አጠገብ ለምልክት ድንጋይ አስቀመጥን። ራት በላን፣ ሕፃኑን አቀፍን፣ ወሬ አወራን። ሦስት ሰዓት ላይ በርጩማውን በድንጋዮቹ ምልክት መልሼ ተቀመጥኩ። ቅድም ከበላዩ የነበሩት ኮከቦች ወደ ግራ ተንሸራትተው ወርደዋል። እሱ እንጨቱ ጫፍ ላይ ነው።

እህቴ ከቤት ብቅ ብላ፣ «ምነው ፊትሽ ተለዋወጠ?» አለችኝ።

«ተረታሁ።»

«አንቺ? ጎሽ፣ ሕፃኑ ገድ ይዞ ነው የመጣው!»

ኦቦ በሳቅ ፈረሰ። የልጅ ልጄ ግን አልሳቀችም። አጠገቤ ቁጢጥ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እምዬ፣ እኔ እኮ መጀመሪያ አይታይም ብዬ ነበር የጻፍኩት» አለችኝ።

መምህሩን ደጁ ድረስ ሄጄ የተጣላሁት ያላየውን አስጻፋት ብዬ ነው። እኔም ያላወቅኩትን አስጻፍኳት። እሱ እንኳ መጽሐፍ ነበረው፤ እኔ የነበረኝ አፌ ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት አብሬያት ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ወዴት እንደምሄድ ስትረዳ ክንዴን ያዘች።

«ተይ እምዬ! ማርኬን ይቀንሰዋል። ማንም አያውቅም እኮ።»

«እኔና አንቺ እናውቃለን። ኦቦም ያውቃል፤ እሱ ደግሞ እስካሁን ለሱሉልታ ሰው ሁሉ ነግሮ ጨርሷል።»

ከባጃጁ ስንወርድ አሥር እርምጃ ቀድማኝ ሄደች፤ እንደማታውቀኝ። መምህሩ ገና ከሩቅ ሲያየኝ፣ «እማማ፣ ደግሞ ምን አጠፋሁ?» አለ።

«አሁንስ እኔ ነኝ።» የሱሉልታውን፣ የበሩን እንጨት፣ ድንጋዮቹን ሁሉ ነገርኩት። ከዚያ ጠየቅኩት። «ያን ዕለት ታውቅ ነበር?»

«እኛ አገር ከመሬት ብዙ ከፍ እንደማይል አንብቤያለሁ። ተራራው ከልሎት ይሆናል ብዬም ጠርጥሬ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

ጫማውን አየ። «እርስዎን ፈርቼ።»

«ፈርተህ የሰጠኸውን ማርክ መልሰህ ውሰደው።»

«እምዬ!» አለች ልጅቷ፤ እንባዋ መጣ። ደብተሩን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። መምህሩ ለምኖ ተቀበላትና ወደ መስኮቱ ወሰደው። ብርሃን ላይ ይዞ ብዙ ጊዜ አየው።

«እዚህ የጠፋ ጽሑፍ አለ» አለ። «እርሳሱን ተጭነሽ ነው የጻፍሽው፤ ወረቀቱ ላይ ይነበባል። 'ከቤታችን አይታይም።' ይህን ማን አጠፋው?»

ልጅቷ በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች። «እሷ ናት ያስጠፋችኝ።»

«እውነቷን ነው» አልኩ።

መምህሩ አሰበ። «እንግዲያው አሥሩ የእሷ ነው፤ ያየችውን ጽፋ ነበር» አለ። ቀጥሎ ቀዩን እስክሪብቶ ወደ እኔ ዘረጋ። «የተሳሳተውን እርማት ግን እርስዎ ይጻፉት፣ እማማ።»

ፍርዱ ልክ ነበር። የተማሪ ዴስክ ውስጥ ጉልበቴ አልገባ ብሎኝ ወደ ጎን ዞሬ ተቀመጥኩ። እስክሪብቶ ከያዝኩ ቆይቷል። ልጅቷ ልክ እኔ ያን ማታ እንዳደረግኩት ከትከሻዬ በላይ ቆማ ታነባለች። «ከሰበታ ቤታችን አይታይም፤ ወጨጫ ከልሎታል። ከሱሉልታ ይታያል፤ ሁለታችንም አይተነዋል» ብዬ ጻፍኩ።

አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ከዚያ ራሷን ወደ ግራ አዘነበለች።

«እምዬ፣ ፊደሎችሽ እንደ አዳኙ ተኝተዋል።»

«ይተኙ። ይነበባሉ አይነበቡም?»

ራሷን እንዳዘነበለች፣ ጮክ ብላ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችው።