ትራፊክ ሳይደርስ የታረቀ እግር

መጀመሪያ የተሰማኝ ሕመም አይደለም፤ ሙቀት ነው። ቀኝ ቅልጥሜ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ የፈሰሰ መሰለኝ። አስፋልቱ ላይ ተቀምጬ ሳይ ፊቴ ወደ ሶዶ ነው፤ የጫማዬ አፍንጫ ግን ወደ አረካ ዞሯል። ያኔ ጮህኩ።

ብስክሌት የጀመርኩት ሐኪም ሆድህን ቀንስ ብሎኝ ነው። ሃምሳን ያለፍኩ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ አቀበት የማውቀው ካርታ ላይ ብቻ ነበር። ከኋላ የመጣ ባጃጅ ሊቀድመኝ ሲል ገጨኝ። ሹፌሩን ቀና ብዬ ሳየው ታምራት ነው፤ እኛ ቸርች ኳየር ውስጥ የሚዘምር፣ የልጆች አባት። እያለቀሰ በዚያው ባጃጅ ጭኖ ሆስፒታል አደረሰኝ። ትራፊክ ፖሊስ የጠራ ሰው የለም። እኔም አልጠራሁም።

ኤክስሬይ ተነሳሁ። ቲቢያው፣ ትልቁ የቅልጥም አጥንት፣ ተሰብሯል። ኦፕሬሽን ገባሁ። ብረት ገባልኝ። ስነቃ የቸርቻችን ሽማግሌዎች አልጋዬን ከበውታል፤ ታምራት ግርጌዬ ተንበርክኳል። እኛ ዘንድ ከሁሉም እርቅ ይቀድማል። ማደንዘዣው ከምላሴ ሳይለቅ "ይቅር ብያለሁ" አልኩ። ተጸለየ፣ ተቃቀፍን። ባለቤቴ ብቻ ጥግ ቆማ "ኦፕሬሽኑ ጭንቅላትህ ላይ ነው እንዴ የተሠራው?" አለችኝ።

ከወራት በኋላ እግሬ አበጠ። ቁስሉ መግል ያዘ። ሐኪሙ አዲሱን ኤክስሬይ አየና ወንበሩን ወደ እኔ ሳበ። ሐኪም ወንበር ሲስብ ያስፈራል።

"ኢንፌክሽን አለ። አጥንቱም አልገጠመም፤ ናንዩኒየን እንለዋለን። ብረቱ ወጥቶ እንደገና መሠራት አለበት። ወደ አዲስ አበባ ሪፈር እንጽፍልዎታለን።"

የአስተማሪ ደሞዝ እዚያ አያደርስም። ባጃጁ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ እንዳለው ስሰማ ግን ነፍሴ መለስ አለች። ክራንቼን ይዤ ኢንሹራንሱ ቢሮ ሄድኩ። ሠራተኛዋ የትራፊክ ሪፖርት ጠየቀችኝ። ታርቀናል አልኳት፤ ኩራት ቢጤም ነበረኝ።

"ጋሼ፣ እርቁ ለእናንተ ጥሩ ነው። እኛ ግን አደጋው መድረሱን በምን እናውቃለን?"

እግሬን አነሳሁላት። አልሳቀችም። ትራፊኮቹ ጋ ስሄድ ደግሞ ባጃጁ ከአደጋው ቦታ ስለተነሳ የሚለካ ነገር የለም፣ ሹፌሩ ራሱ መጥቶ ቃሉን ቢሰጥ ግን ይታያል አሉኝ።

ታምራትን ሽማግሌዎቹ ፊት ለመንኩት። የሚከፍለው ኢንሹራንሱ እንጂ አንተ አይደለህም አልኩት። ትልቁ ሽማግሌ አቶ ዳና አላስጨረሱኝም።

"መምህር፣ እግዚአብሔር ፊት የተውከውን ፖሊስ ፊት ልታነሳው ነው?"

ታምራት መሬት መሬቱን እያየ፣ "ጋሼ፣ መንጃ ፈቃዴን ይይዙብኛል። የባጃጁ ባለቤትም ባጃጁን ይቀማኛል። ልጆቼን በምን ላብላ?" አለ።

ክራንቼን አነሳሁና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

አሁን ቁስሌን ለማሳጠብ በየሳምንቱ የሚያመላልሰኝ ያው ታምራት ነው፤ በነጻ፣ ጉድጓድ ጉድጓዱን እየሸሸ፣ ብብቴን ደግፎ እያወረደኝ። ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ስንደርስ ግን ፍጥነት ይጨምራል። እኔም ፊቴን ወደ ሌላ አዞራለሁ። ጉዳዩ አላለቀም። አጥንቴም አልገጠመም።

ይሁን እንጂ መግሉ እየቀነሰ ነው፤ ከቤት እስከ ጎረቤቴ ሱቅ በክራንች ሄጄ፣ እዚያም ከሚገባው በላይ አውርቼ፣ ሳልቀመጥ እመለሳለሁ። ሳይጠየፉ የሚያጥቡኝን ነርሶች፣ ክፍለ ጊዜዬን ተካፍለው የሚያስተምሩልኝን ባልደረቦቼን፣ ከሁሉም በላይ እየተቆጣች የምታስታምመኝን ባለቤቴን እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እንደኔ ለወደቃችሁ ደግሞ፦ ይቅር በሉ፤ ዛሬም ቢጠይቁኝ ይቅር እላለሁ። እናንተ ቶሎ ወደ ሐኪም ሂዱ፤ እዚያው የቀረ ሰው ግን ፖሊስ ይጥራ፣ የገጨውም ባለበት ይቁም። ሽማግሌዎች ቀድመው ከደረሱ ወንበር ስጧቸው፣ ሻይ አዙላቸው፣ ስለ ዝናቡ ጠይቋቸው። ትራፊኩ ሜትሩን ጠቅልሎ እስኪሄድ ድረስ ግን "አሜን" እንዳትሉ።