የአለቃዬ ሰዓትና የእኔ ቅጥር

አቃቂ ካሉት የብረታ ብረት ፋብሪካዎች በአንዱ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ስገባ ሥራ አስኪያጁ ስለ ሙያዬ አንድም ነገር አልጠየቁኝም። "የሙከራ ጊዜሽን ስትጨርሺ ቋሚ የምትሆኚው በእኔ ፊርማ ነው" አሉኝ፣ በቃ። ገላን ኮንዶሚኒየም እህቴ ቤት ተዳብዬ የምኖር ሰው ስለነበርኩ ከዚያች ፊርማ ሌላ የማስበው ነገር አልነበረኝም።

ችግሩ የመጣው ዋናው መሥሪያ ቤት የጠዋቱ ሪፖርት በኢንተርኔት ይላክ ሲል ነው። ሪፖርቱ የሚሞላው አፕሌት በሚባል፣ ድረ ገጽ ውስጥ በሚከፈት ትንሽ ፕሮግራም ነው። አፕሌቱ የራሱ መታወቂያ አለው፤ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚያገለግል ተጽፎበታል። ኮምፒውተሩም እንደ በር ዘበኛ መታወቂያውን ከራሱ ሰዓት ጋር ያስተያይና ወይ ያስገባዋል ወይ ይመልሰዋል። የሥራ አስኪያጁ ኮምፒውተር በየጠዋቱ ይመልሰው ነበር።

ሄጄ ሳይ ከስክሪኑ ግርጌ ፓኔል በሚባለው አግድም መስመር ላይ ያለው ቀን ሰባት ዓመት ከምናምን ወደ ኋላ ቀርቷል። ለዚያ ኮምፒውተር አፕሌቱ ገና ሳይወለድ መታወቂያ ያወጣ ሰው ነው። ባትሪ ሲሞት ኮምፒውተር ወደ ድሮ ቀን ስለሚመለስ፣ በሰቃ ሰፈር ካለ ሰዓት ሠሪ አዲስ ባትሪ ገዝቼ ቀየርኩ፤ ቀኑንም አስተካከልኩ፤ ተከፈተ። በማግስቱ ግን ቀኑ እዚያው የድሮ ቦታው። አስተካከልኩ። በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው። የደህንነት ቅንብሩን አላልቼ የመጣው ሁሉ እንዲገባ ማድረግ እችል ነበር፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ግን ይህን አጥብቆ ከልክሏል።

"ለመሆኑ ተምረሽ ነው የመጣሽው?" ይሉኛል ሥራ አስኪያጁ፣ ያውም ጸሐፊያቸው ፊት። ቀኑን እንደገና አስተካክዬ እወጣለሁ።

አንድ ጠዋት ጠረጴዛቸው ሥር ገብቼ የኔትወርክ ገመድ ሳጠብቅ መጡና ተቀመጡ። ቀና ስል የግድግዳውን ካላንደር እያዩ ፓኔሉ ላይ ያለውን ቀን በአንድ ጣታቸው ይቀይራሉ። ዓመቱን በእኛ፣ ወሩን በእኛ፣ ሰዓቱንም በእኛ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው።

"ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ሰዓቴን የሚያበላሽ ሰው አለ! ጠዋት አስተካክዬ እወጣለሁ፣ ስመለስ ፈረንጅ አገር ገብቶ አገኘዋለሁ።"

"ኮምፒውተሩ እኮ የሚያውቀው የፈረንጁን ቀን ነው።"

"አቃቂ ተቀምጦ?" አሉ ከልባቸው ተቆጥተው። "የዚህ ቢሮ ቁልፍ ያለው ከእኔ ሌላ ጸሐፊዋ ጋ ነው። ዓርብ ግምገማ ላይ ትጋለጣለች።"

በዚያ ዘመን ግምገማ ማለት ሁሉም ተሰብስቦ የራሱንም የባልንጀራውንም ጥፋት የሚዘረዝርበት ስብሰባ ነው። ዓርብ ከሰዓት ሥራ አስኪያጁ ተነሡና "በመካከላችን የአመለካከት ችግር ያለበት ሰው አለ፤ የኃላፊን ሰዓት እያዛባ የጠዋት ሪፖርት ያደናቅፋል" አሉ። ሁሉም ወደ ጸሐፊዋ ዞረ። ሴትዮዋ ሰዓቱን ነክታው አታውቅም። እኔ ደግሞ የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሳምንት ቀርቶኛል። ፈራሁ። የምናገረው ከዚያች ከአለቃዬ ፊርማ ጋር እንደሚያፋታኝ አውቄ ነው የተነሣሁት።

"ሰዓቱን የምቀይረው እኔ ነኝ" አልኩ። "የምቀይረውም ትክክል ስላልሆነ ነው፤ አፕሌቱ የሚመለሰው..."

ከዚያ በኋላ ያልኩትን የሰማኝ የለም፤ ጭብጨባው ዋጠው። ለካ ሳይጋለጡ በፊት ጥፋትን ማመን ግለ ሂስ ነው፤ ከግለ ሂስ የሚበልጥ ጀግንነት ደግሞ በግምገማ ቤት የለም። "ተማሩ!" አሉ ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ እየጠቆሙ። ሪፖርቱን ማን እንዳደናቀፈ የጠየቀ አልነበረም። ቃለ ጉባኤው ላይ ጥፋቷን አምና ታርማለች ተብሎ ተጻፈልኝ። ጸሐፊዋ በጠረጴዛው ሥር እጄን ጨበጥ አደረገችኝ።

ሰኞ ጠዋት ፓኔላቸው ላይ ሁለተኛ ሰዓት ጨመርኩ፤ ትልቅ፣ በእኛ አቆጣጠር የሚሄድ። እውነተኛውን ከጥግ አሳንሼ በይለፍ ቃል ቆለፍኩት። "ከእንግዲህ ማንም አይነካብዎትም" አልኳቸው። አፕሌቱ ወዲያው ተከፈተ። "አየሽ" አሉኝ፣ "ሰው ሲታረም ሥራም ይቃናል።"

በዚያው ሳምንት ፈረሙልኝ። ቀን በማስተካከሌ ይቅርታ ተደርጎልኝ ቋሚ ሠራተኛ ሆንኩ። ወረቀቱን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ ያለቀስኩት በንዴት ቢሆን ደግ ነበር። የደስታ ነበር።