ከርከሮ የማያልፈው ቦይ

የእንሰት አገር በሆነው ቡሌ ውስጥ የድሮ ግቢዎችን ከበው የቀሩት ቦዮች ለጦርነት የተቆፈሩ አይደሉም። ከከተማ የመጣ ሁሉ «ምሽግ ነው» ይላል፤ ምሽግ ሲሉት ደስ ይላላ። የተቆፈሩት ከርከሮና ጃርት እንሰት እንዳይበሉ ነው። ጀግንነት የለበትም። የረሃብ ፍርሃት ግን አለበት።

ይህን የነገሩኝ ሽማግሌ ጎረቤቴ ናቸው። ያኔ እዚያ ወጣት አስተማሪ ነበርኩ። ግቢያቸውን የከበበው ቦይ ሰው ውስጡ ቢቆም አናቱ አይታይም፤ ክረምት ውሃ ይይዛል። ማን ቆፈረው ሲባሉ «የአያቴ አያትም ተቆፍሮ ነው ያገኘው» ይላሉ። እኔ ባሕር ማዶ መኳንንት ቤታቸውን በውሃ ይከቡ እንደነበር አንብቤ ለተማሪዎቼ በአድናቆት እተርክ ነበር። የጎረቤቴን ግን ጉድጓድ ብዬ ነበር የማልፈው።

ከዚያ መሬት የሚለኩ ቀላድ ጣዮች ሊመጡ ነው ተባለ። ከላይ በኩል የሚዋሰናቸው ባለርስት ቦዩን ተሻግሮ የእንሰታቸውን ግማሽ «የኔ ነው» ብሎ ነበር። ሽማግሌው ምክር ጠየቁኝ።

«አባባ፣ የመንግሥት ሰው የሚመጣው በበቅሎ ነው» አልኳቸው። «የላይኛውን ቦይ ይሙሉት። እንዲህ ተከፍቶ ሲያዩት የሽፍታ መደበቂያ ይመስላቸዋል።»

«እውነትህን ነው ልጄ። እንግዳ ጉድጓድ ዘሎ አይገባም።»

ጎረቤት በደቦ ወጥቶ በሁለት ቀን ሞላው። ለእንግዳ ክብር ላዩን ሣር ጎዘጎዙበት። ዶማ ያልነኩት ባለቤታቸው ብቻ ነበሩ።

«ለከርከሮ ጉድጓድ፣ ለበቅሎ ሣር!» አሉ እየሳቁ። «እስቲ እንሰታችንን ማንኛው እንደሚጨርሰው እናያለን።»

ቀላድ ጣዩ ከበቅሎው ሳይወርድ «ወሰንህ የታለ?» አለ።

«የቆሙበት ነው ጌታዬ። በቀደም ነው የሞላነው፤ ለእርስዎ ብለን።»

«የሌለ ወሰን አይለካም» አለና ገመዱን ከቤታቸው ጓሮ አስጣለ፤ ከዚያ በላይ ያለው ለባለርስቱ ሆነ።

«ያስሞላሁት እኔ ነኝ፤ ወሰኑ እዚህ ነበር» ማለት ነበረብኝ። ያ ሁሉ መጽሐፍ ያነበበ ሰው አፉን ዘጋ።

ባለርስቱ ለመቆረጥ የደረሰውን እንሰት ነቅሎ ገብስ ዘራበት። የጎረቤቴ ቤተሰብ የቀረውን ሳይደርስ እየቆረጠ በላ። ሽማግሌው ሁለተኛውን ክረምት አላለፉም። በቀብራቸው ላይ አካፋ ላነሳ ስል ባለቤታቸው እጄን ያዙ።

«ተው አስተማሪ። ይህን እንኳ ሳትመክርበት እኛው እንሙላው።»

የታችኛው ቦይ ግማሽ ዛሬም ከእንሰቱ ሥር አለ። ባለቤታቸውም ከበላዩ ይኖራሉ፤ የባለርስቱ ልጅ አሁን ወደዚያ ማየት ጀምሯል አሉ። አንባቢ፣ በዚያ ስታልፍ ገመድ የያዙ ሰዎች ካየህ አፍህን ክፈትና ቦዩን አሳያቸው።