ከፎርሜ የቀረው ይመር

ሦስተኛው ቤት ላይ ስንደርስ ሽማግሌዎቹ መቁጠሩን አቆሙ...

ደርግ ጊዜ ነው። ሐይቅ አስተማሪ ነበርኩ። ይታይሽ የምትባል የአምባሰል ልጅ ወድጄ ሽማግሌ ልኬአለሁ፤ በእኛ ደንብ ዘመድ እንዳንሆን ሰባት ቤት እየተቆጠረ ነው። የእኔ አባቴ፣ ከዚያ አያቴ ይመር፣ ከዚያ ወልዴ ተባለ። የእሷም ሲቆጠር ሄዶ ሄዶ እዚያው ወልዴ ላይ ዐረፈ። «በሉ እንግዲህ፣ እኅትና ወንድም ናችሁ» ብለው ፈረዱብን። ይታይሽ ጓዳ ሆና ስታለቅስ ይሰማኛል። እኔንም ከልቅሶ ያዳነኝ ሽማግሌ ፊት መሆኔ ብቻ ነው።

የሚገርመው ከወር በፊት ቆጣሪው እኔ ነበርኩ። በሕዝብ ቆጠራው ሐይቁ ዳር ያሉት ቤቶች ደርሰውኝ፣ አባባ ሰይድ ዓሊ የሚባሉ ሽማግሌ «ታናሼን ይመርን ጻፈው» ብለው ሙጭጭ አሉብኝ። የት አለ ስላቸው፣ በልጅነታችን ክፉ ቀን ለያይቶን ጠፋ፣ ግን አልሞተም አሉኝ። እኔ ደግሞ ሥልጠና ወስጃለሁ!

«ትናንት እዚህ ያላደረ ሰው አይቆጠርም» አልኳቸው።

«እንግዲያው ወረቀትህ አንድ ሰው ጎድሎታል» ብለው ተቀየሙኝ። ይመር በወሎ ስንቱ ነው... ረሳሁት።

ወደ ሠርጌ ልመለስ። አያቴም አባቴም ሞተዋል፣ የምጠይቀው ሰው የለም። ተስፋ ቆርጬ ስተኛ እናቴ፣ አያትህ ከመንገድ ሥራ ጡረታ የወጡበት ወረቀት ደሴ አይጠፋም አለችኝ። ወረቀት ምን ያውቃል እያልኩ ሄድኩ።

የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ከአቧራ ጋር ስትታገል ቆይታ ፋይሉን አወጣችልኝ። እውነቱን ለመናገር ለመክፈት ፈራሁ። ከፈትኩት...

«አሳዳጊ፦ ወልዴ። ወላጅ አባት፦ ዓሊ። የትውልድ ቦታ፦ ሐይቅ ዳር። ቤተሰብ፦ በክፉ ቀን ያለቁ።» ከሥሩ የአያቴ የአውራ ጣት አሻራ።

አያቴ ለገዛ ልጃቸው ያልነገሩትን ለጡረታ ፎርም ነግረውታል! መንግሥትን መዋሸት ፈርተው ይሆናል መቼም። ወልዴ አሳደጓቸው እንጂ አልወለዷቸውም። ከይታይሽ ጋር የሚያገናኘን አንድ ጠብታ ደም የለም ማለት ነው። በደስታ ሴትዮዋን አቅፌ ሳምኳት። «ጓድ፣ ሥራ ላይ ነን እኮ» አለችኝ ሻሿን እያስተካከለች።

አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብዬ በሐሳቤ ስሞሸር ነው ብልጭ ያለልኝ... ይመር። ዓሊ። ሐይቅ ዳር። ክፉ ቀን።

ከአውቶቡሱ እንደወረድኩ ቤቴ አልገባሁም። አባባ ሰይድ ደጃቸው ላይ መረብ ይጠግናሉ፤ ገና ሲያዩኝ ደግሞ ልትቆጥረን መጣህ ወይ አሉኝ። ከጎናቸው ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይመር እሳቸውን ሞተዋል ብሎ እንደኖረ፣ አሁን እሱም እንደሌለ፣ እኔ ግን የልጁ ልጅ እንደሆንኩ።

«ኢና ሊላሂ...» ብለው ረጅም ጊዜ አለቀሱ። ከዚያ ጆሮዬን ይዘው ፊቴን ወደ ብርሃኑ አዞሩና አገላብጠው አዩኝ። ሳቃቸው መጣ።

«ያላደረ አይቆጠርም አልከኝ አይደል? እንግዲያው ዛሬ እዚህ ታድራለህ።»

አደርኩ። በማግስቱ ከአሥራ ሁለት ዘመድ ጋር ስተዋወቅ ዋልኩ፤ የሁሉንም ስም የጻፍኩት እኔው ነኝ።

ሽማግሌዎቹ የፋይሉን ግልባጭ፣ በተለይ ማኅተሙን ደጋግመው አዩና «ማሳደግ ሌላ፣ ሥጋ ሌላ» ብለው ፈቀዱልን። ሠርጋችን በሁለት ዳስ፣ በሁለት እርድ ሆነ። አባባ ሰይድ ዱዓ ሲያደርጉ የአምባሰሉ ቄስ «አሜን» ይሉ ነበር፤ ይታይሽ በቬሏ ውስጥ ሳቋን መያዝ አቅቷት ነበር።

እኔ ግን ዛሬም ስለ ሕዝብ ቆጠራ ሲወራ አንገቴን እደፋለሁ... ሥልጠናዬን ተማምኜ ከፎርም ያስቀረሁት ሰው የገዛ አያቴ ነበር።