ዕፀ ከርሥን ፍለጋ

ባለፈው ጥቅምት ሁለት ተማሪዎች ደባርቅ ቤቴ ድረስ መጡ። የድሮ ሰዎች ለመድኃኒት ይጠቀሙባቸው የነበሩትን የመስክ ዕፆች እየለየን ነው አሉኝ። አንድ ጎረቤቴ «ብርቄን ጠይቋት፣ መሪጌታ ስሙር አጎቷ ነበሩ» ብሎ ነው የላካቸው። ልጅቷ ስልኳን ዓይኔ ሥር አስጠግታ ቅጠል በቅጠል ታሳየኝ ጀመር። ጦስኙን ነገርኋት። ጭቁኙን፣ ጎርጤቡን፣ መቅመቆውን ነገርኋት። ከዚያ አንድ ትንሽ፣ ጀርባው ቀላ ያለ ቅጠል መጣ።

«ይኼስ እትዬ?»

«አላውቀውም» አልኋት።

እውነቴን ነው፣ አላውቀውም። ልጆቹ አመስግነውኝ ሄዱ። እኔ ግን ያንን ቅጠል ፍለጋ የተንከራተትሁበት የወጣትነቴ መስከረም ድካሙ ጉልበቴ ላይ የተመለሰ መሰለኝና፣ ሥራዬን ሁሉ ትቼ በረንዳው ላይ ተቀመጥሁ።

ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ዳባት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ማትሪክ ሳይመጣልኝ ቀርቶ ቤት ተቀምጫለሁ። ቤት የተቀመጠች ልጅ ዘመድ ሲታመም አስታማሚ እሷ ናት። አባቴ «እስኪ ሂጂና ጥሩወርቅን እርጃት» አለኝ፤ ዳባትና ደባርቅ መካከል ከአውራ ጎዳናው ወረድ ብላ ወዳለችው መንደር፣ ወደ ታላቅ ወንድሙ ቤት ሄድሁ።

ታላቅ ወንድሙ መሪጌታ ስሙር ናቸው። ቅኔ ያስተምራሉ፤ በመድኃኒት አዋቂነታቸውም ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ አዲ አርቃይ ስማቸው ይነሣል። እኔ እቤታቸው በደረስሁበት ጊዜ ግን ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖት ነበር። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ፣ ሰውን በድምፁ ይለያሉ፣ ከዚያ ያለፈ አያዩም። ቅጠልና ሥር የሚለቅሙላቸው ተማሪዎቻቸው ነበሩ። እሳቸው ዳብሰው፣ አሽትተው፣ አንዳንዴም ቀምሰው ይሰጣሉ፤ የተቀበለው አመስግኖ ይሄዳል። ዓይናቸው ምን ያህል እንደደከመ እሳቸው አያወሩም፣ ሰውም አይጠይቃቸውም።

ሚስታቸው እትዬ ጥሩወርቅ ክረምቱን በሙሉ ታማ ከርማለች። ፊቷ ከስቶ ሆዷ ግን እርጉዝ መስሏል። ገላዋን ሳጥባት ከእምብርቷ በታች ድንጋይ የመሰለ ነገር እጄን ይነካኛል። ምግብ እምቢ ስላላት አጥሚት በማንኪያ እሰጣታለሁ። አጎቴ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ፤ አንድ ሰውነት ሆነው ብዙ ዘመን ስለኖሩ እሷም በቃሏ ይዛዋለች፣ ቃል ሲስቱ ዓይኗን እንደጨፈነች ታርማቸዋለች።

መስከረም በገባ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ጠሩኝ።

«ብርቄ፣ ለመንገድ እንዴት ነሽ?»

«ደህና ነኝ የኔታ።»

«እንግዲያው ዕፀ ከርሥን ፈልገን እንምጣ።»

ለእንዲህ ያለው ሕመም መምህራቸው በቃል የሰጧቸው መድኃኒት ነበር። አብዛኛው የታወቀ ነው፤ ጦስኝ፣ ጭቁኝ፣ የመቅመቆ ሥር። የመጨረሻው ግን ዕፀ ከርሥ ነው፤ በግእዝ የሆድ ዕፅ ማለት ነው። ስሙን ያወጡለት መምህራቸው ናቸው እንጂ አገሬው በዚህ አይጠራውም። አገሬው በምን እንደሚጠራው ደግሞ አጎቴም አያውቁም። በወጣትነታቸው ግን ከደባርቅ በላይ፣ ወደ አምባራስ በሚወስደው መንገድ፣ አንድ ጨፌ ላይ አግኝተውት ያውቃሉ። ተማሪዎቻቸው ለዘመን መለወጫ ወደየአገራቸው ስለሄዱ ዓይን የምሆናቸው እኔ ብቻ ነበርሁ።

እስከ ደባርቅ የጭነት መኪና ወሰደን። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ዝናቡ ገና አላባራም፤ ጭቃው ጫማዬን ይነጥቀኛል፣ እሳቸው ትከሻዬን ይዘው ከኋላዬ ይመጣሉ። በግራም በቀኝም ገብሱ ለምልሟል፣ ባቄላው አብቧል፤ የባቄላ አበባ ሽታ ከጭጋጉ ጋር ተደባልቆ ይመጣል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ የሚል መንገድ ነበር። ሲደክመን ድንጋይ ላይ ተቀምጠን በሶ በውኃ አሽተን እንበላለን፤ ይበሉና ተነሥተው ትከሻዬን ይፈልጋሉ።

«ቅጠሉ የአይጥ ጆሮ ይመስላል» ይሉኛል እየሄድን። «ጀርባው ላይ ቀይ ክር አለ። ክሩ ከግንዱ ተነሥቶ እስከ ጫፉ ይደርሳል። እሱን የሚመስል ሌላ አለ። የዚያኛው ክር መሐል ላይ ይቆማል። ያ ገዳይ ነው፤ ከብት እንኳ አሽትቶ ያልፈዋል።»

ይህን ደጋግመው ነገሩኝ። እኔም እንደ ትምህርት ያዝሁት።

ዘመድ ቤት አድረን በማግሥቱ ጨፌው ላይ ደረስን። እኔ አንድ ትንሽ መስክ ጠብቄ ነበር፤ ያገኘሁት ዓይን የማይጨርሰው ሜዳ ነው። ሣሩ ሥር ውኃ ተኝቷል። ማገጡ፣ ቢጫ አበባው፣ ነጩ፣ ሐምራዊው ሁሉ ተቀላቅሎ በቅሏል። ቀሚሴን ሰብስቤ በእንብርክክ ገባሁበት። ጉልበቴ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ ያመኛል፣ በኋላ ይደነዝዛል። አንድ ገበሬ በሬዎቹን እየነዳ ሲያልፍ ቆም ብሎ አየን።

«ምን ጠፍቶባችሁ ነው?»

«ዕፅ ፈልገን ነው» አሉት አጎቴ። ይሆናል ብዬ የያዝሁትን አንድ ቅጠል ከእጄ ወስደው ዘረጉለት። «እናንተ ይኼን ምን ትሉታላችሁ?»

ገበሬው አገላብጦ አየው። «ሣር ነዋ የኔታ» ብሎ ሄደ።

የአይጥ ጆሮ የመሰለውን ቅጠል ያገኘሁት ከቀትር በኋላ ነው። ችግሩ ብዙ መሆኑ ነበር። አንዱን ስገለብጠው ክሩ ጫፍ ድረስ ይሄዳል። አጠገቡ ያለው መሐል ላይ ይቆማል። ሌላው ደግሞ ከመሐል አልፎ እየሳሳ፣ እየሳሳ ይሄድና ጫፉ ላይ ይድረስ ይቅር ዓይኔ አይለየውም። እየነቀልሁ ወሰድሁላቸው። በጣታቸው ዳበሱት፣ ሥሩን ሰብረው አሸተቱት፣ በምላሳቸው ጫፍ ነክተው ተፉት። ሌላውንም እንዲሁ። «ይኼ ነው» ይላሉ፤ ጥቂት ቆይተው «እስኪ መልሰሽ ስጪኝ» ይላሉ። በስተመጨረሻ ምላሳቸው ደንዝዞ ጣዕም አልለይ አላቸው። ዝናቡም መጣ። ይሆናል ያሉትን አንድ እፍኝ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ተመለስን።

እቤት ስንደርስ የእትዬ ጥሩወርቅ ወንድም ጋሼ አለባቸው ከአምባ ጊዮርጊስ መጥቶ ነበር። እኅቱን አይቶ ደንግጧል። መድኃኒቱ መገኘቱን ሲሰማ ግን ፊቱ ፈታ አለ፤ ሙቀጫውን ራሱ አምጥቶ ከአጎቴ ፊት አስቀመጠ። አጎቴ ጦስኙን ጨመሩ። ጭቁኙን ጨመሩ። ዕፀ ከርሡን ሲይዙ እጃቸው ቆመ።

እትዬ ጥሩወርቅ አንገቷን ከትራሱ ቀና አደረገች። «እርስዎ ከሰጡኝ እጠጣለሁ» አለቻቸው። «አይጨነቁ።»

«ብርቄ» አሉኝ። «ክሩ እስከ ጫፉ ሄዷል?»

ቅጠሉን ይዤ ወደ በሩ ወጣሁ። በመንገድ ጠውልጎ ቀዩ ወደ ጥቁር ሄዷል። ገለበጥሁት፣ ወደ ብርሃን አነሣሁት። ሁሉም እኔን ያዩኛል። አዎ ማለት ፈልጌ ነበር፤ ያን ያህል መንገድ ሄደን፣ ያን ያህል ተስፋ አድርገው።

«አላውቅም የኔታ» አልሁ።

አጎቴ ሙቀጫውን በመዳፋቸው ገፋ አደረጉት።

«ጎንደር ሐኪም ዘንድ ውሰዷት።»

«የኔታ» አለ አለባቸው፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «ለስንቱ ሰው ሲሰጡ ኖረው ለሚስትዎ ሲሆን ፈሩ?»

እትዬ ጥሩወርቅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሐኪም የሚባል ነገር ትፈራለች፤ በባሏ እጅ መዳን ወይም በባሏ እጅ መሞት ነበር የፈለገችው። በቃሬዛ ወደ መንገዱ ሲያወጧት አጎቴ ጫፉን ይዘው አብረው ወጡ፤ እሷ ግን አላነጋገረቻቸውም።

ጎንደር ሆዷን ቀደው ያን ድንጋይ የመሰለ ነገር አወጡላት። ለገና ቤቷ ገባች፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን ኖረች። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ሳወራው እንዲህ ባልደከመኝ።

አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ አጎቴ እንደገና ጠሩኝ። በጣም ከስተዋል።

«አለባቸው ያለው ልክ ነው» አሉ። «ዓይኔ ከደከመ ወዲህ የዕፀ ከርሥን ሥር ለሰው ሰጥቻለሁ። ተማሪዎቼ ያመጡልኛል፣ እኔ እዳብሳለሁ፣ እሰጣለሁ። አንድ ቀን እንኳ እጄ አልቆመም። ቤታቸው ሄጄ እንዴት ሆናችሁ ልበላቸው።»

ያንኑ ትከሻዬን ያዙና ወጣን። የመጀመሪያዋ ሴት ድናለች፤ ደስ ብሏት ኮረፌ ቀዳችልን፣ ባዶ እጅ አትሄዱም ብላ የባቄላ ቆሎ ቋጠረችልን። ሁለተኛው ቤት ሰውየው መድኃኒት መውሰዱንም ረስቶታል። ከሌላም ቤት ደህና ወሬ ሰማን። አጎቴ እርምጃቸው ቀለል አለ፤ መንገድ ላይ ስለ ልጅነታቸው እንኳ አወሩኝ።

ከዚያ አንጓች ቤት ሄድን። አንጓች ከዳባት በታች የምትኖር፣ ከእኔ ጥቂት የምትበልጥ ሴት ናት። ባሏ ፈንታሁን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሞቷል፤ አጎቴም ቀብሩ ላይ ነበሩ። አጎዛ አነጠፈችላቸው። እህል አቅርባ እምቢ አሉ።

«አንጓች፣ ፈንታሁን መድኃኒቴን ከጠጣ በኋላ እንዴት ሆነ?»

«አስመለሰው» አለች። «ከዚያ አረፈ። ሕመሙ ጠንቶበት ነበር የኔታ፣ እግዜር የወሰነው ነው።»

«የሰጠሁት ሥር እሱ መሆኑን እርግጠኛ አልነበርሁም» አሉ አጎቴ። «ዓይኔ አያይም ነበር። የሚመስለው ገዳይ ዕፅ አለ። እሱን ሰጥቼው ይሆናል፤ ሳልሰጠውም ቀርቼ ይሆናል። አላውቅም። ይህን ልነግርሽ ነው የመጣሁ።»

አንጓች አልጮኸችም። ትንሿን ልጇን ከደጅ ጠርታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ፀጉሯን ትደባብስ ጀመር።

«እስከ ዛሬ እግዜር ወሰደው ብዬ እተኛ ነበር። ጽዋውን ያጠጣሁት በእጄ ነው፤ እምቢ ሲል ለምኜ ነው ያጠጣሁት። አሁን ይህን ይዤ ምን ልሁን የኔታ?»

አጎቴ ይቅር በይኝ ለማለት የመጡ ይመስለኛል፤ አላሉም። ተነሥተው እጅ ነሡና ወጣን። መንገዱ ዳር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ነፋሱ ከስሜን በኩል ይመጣል፤ የታጨደው ማሳ ባዶውን ቢጫ ሆኖ ተዘርግቷል።

«ለእሷ ብዬ የመጣሁ መስሎኝ ነበር» አሉ።

ወደ ቀሩት ቤቶች አልሄድንም። መድኃኒትም ከዚያ ወዲህ ለማንም አልሰጡም። ሰው ጸጋቸው ተነሣቸው ብሎ አወራ። እሳቸው ቅኔያቸውን ሲያስተምሩ ኖረው አረፉ። እኔ ደግሞ በማግሥቱ ዓመት አስተማሪ ሆኜ ተቀጠርሁ፤ ጡረታ እስክወጣ ልጆችን ፊደል ሳስቆጥር፣ አጎቴ ያን ቀን ደግ ሠሩ ወይስ ክፉ የሚለውን ስመዝነው ኖርሁ። አንዳንድ ዓመት ደግ መሰለኝ፣ ሌላ ዓመት ክፉ። አሁን አሁን ያደክመኛል።

አንጓች በሕይወት አለች። ዳባት ገበያ ስሄድ አገኛታለሁ፤ እንሳሳማለን፣ ስለ ጤና፣ ስለ ልጅ ልጆቿ እንጠያየቃለን። ያን ቀን አንስተነው አናውቅም ነበር። ተማሪዎቹ የመጡ ሰሞን ግን ሚኒባስ እስኪሞላ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳለ፣ ምን እንደገፋኝ አላውቅም፣ ቅጠል ሊጠይቁኝ ሰዎች መጥተው ነበር አልኋት።

«አጎትሽ ከእኔ ቤት ወጥተው የማን ቤት ሄዱ?»

«የማንም። ከአንቺ ቤት በኋላ ተመለስን።»

«ሌላ የሞተበት ሰው ነበረ?»

«ሳይኖር አይቀርም። አልሄድንም።»

ነጠላዋን አስተካከለች። ሚኒባሱ ተነሣ።

«እንኳን እኔ ጋ ቆመ» አለች።

ወደ መስኮቱ ዞርሁ። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ነገሩን ስመዝነው የኖርሁት ከሩቅ ሆኜ ነበር፤ አንጓች ግን ክብደቱን ስታውቀው ኖራለች።