ውባለም የምታየው ሰውዬ

ሰርኬ በሽሮ ሜዳ የምትታወቀው በተጠራጣሪነቷ ነበር። ጥጥ ስትገዛ ከረጢቱን እስከ ታች ዘርግፋ ታያለች፤ ጎረቤት ሰላም ሲላት ምን ፈልጎ ይሆን ትላለች። የዘጠኝ ዓመት ልጇ ውባለም ክር እያጠነጠነች ማንቀላፋት ስትጀምርም አላዘነችላትም። ሥራ ጠልታ ነው አለች። ባሏ ሸማኔው ፀሐዬ ቡዳ በልቷት ይሆናል ብሎ ቁስቋም ጸበል ወሰዳት፤ ሰርኬ ግን ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ልጇን ትሰልል ጀመር።

ያየችው ነገር ግራ አጋባት። ውባለም ዳቦ አፏ ውስጥ እንዳለ ትተኛለች። ስትስቅ ጉልበቷ ይከዳትና እንደ ጨርቅ ትወድቃለች፤ ዓይኗ ግን ክፍት ነው፣ የሚባለውን ሁሉ ትሰማለች። ከእንቅልፏ ስትባንን ደግሞ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ከሽመናው ጉድጓድ አጠገብ ቆሞ እንዳየች፣ ልትጮህ ብላ ሰውነቷ አልታዘዝ እንዳላት ትናገራለች።

ይህንኑ ለትምህርት ቤት ጓደኞቿ አወራች። ዘመኑ ቀይ ሽብር ነበርና ወሬው ቀበሌ ሲደርስ ሌላ ትርጉም አገኘ። ልጅቷ ቀን ቀን የምትተኛው ሌሊት ቤቱ ውስጥ ስብሰባ ስላለ ነው፤ ባለ ባርኔጣውም የተደበቀ ፀረ አብዮተኛ ነው ተባለ። ፀሐዬን አሰሩት። የቀበሌው ሊቀመንበር ሰርኬን፣ ባልሽ የሰውየውን ስም እስከ ቅዳሜ ካላወጣ ለበላይ አካል ይተላለፋል አላት። ሰርኬ የተላለፈ ሰው ሲመለስ አይታ አታውቅም።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ሰውየው ቀንም ይመጣል" አለችው። "እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ እያለሁ መጣ አለችኝ። ማንም አልገባም። ሐኪም ይያት።"

ሊቀመንበሩ ልትጠፋ ነው ብሎ ጠረጠረ። ዓምሃ የሚባል የአብዮት ጥበቃ ከነጠመንጃው አብሯት እንዲሄድ አዘዘ።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ ስትስቅ እንደምትወድቅ ሲሰማ ብዕሩን አስቀመጠ። ስትወድቅ ራሷን ትስት እንደሆነ፣ ትንቀጠቀጥ እንደሆነ ጠየቀ። ሰርኬ ሰልላ ያየችውን አንድ በአንድ ነገረችው። እነሱ ሲነጋገሩ ውባለም ወንበሯ ላይ አሸለበች። ጥቂት ቆይታ ዓይኗ ፈጦ ባነነች።

"መጣ እንዴ?" አለ ሐኪሙ ቀስ ብሎ።

"አዎ። ከጋሼ ጀርባ ቆሞ ነበር" አለች ወደ ዓምሃ እየጠቆመች።

ዓምሃ ጠመንጃውን ጨብጦ ዞረ። ግድግዳ ብቻ ነበር።

ሐኪሙ ነገሩ የእንቅልፍ በሽታ እንጂ ቡዳም ስንፍናም አይደለም አለ። እንቅልፍ ሲመጣባት ሕልሙ ቀድሞ ይደርሳል፤ ስትነቃ ደግሞ ሰውነቷ ዘግይቶ ይነቃል። ክኒን አዘዘላት፤ ቀትር ላይም እንድታሸልብ ፈቅዳችሁ ተዉአት አለ።

ሊቀመንበሩ የሐኪም ቃል ነው ቢባል አላመነም። ሐኪሙንም ጠረጠረው። ያኔ ዓምሃ ተናገረ።

"ጓድ፣ ከእኔም ጀርባ ቆሟል ተብሏል። ሰውየው አጠገቡ የቆመበት ሁሉ የሚታሰር ከሆነ፣ እንግዲህ እኔንም እሰረኝ።"

ሊቀመንበሩ የፀሐዬን መዝገብ ዘጋው። ፀሐዬ አርብ ከሰዓት ተለቀቀ።

ውባለም አሁን ቀትር ላይ ከሽመናው ጉድጓድ አጠገብ ጋቢ ለብሳ ትተኛለች፤ ሰርኬም አትሰልላትም። ዓምሃ ግን በዚያ ባለፈ ቁጥር ባለ ባርኔጣው ቆሞ እንደሆነ ለማየት በመስኮት ያጮልቃል። ሰርኬ በሩ ላይ ተቀምጣ አሁን እሱን ትሰልለዋለች።